መነጽር አይዋሽም

በዚያ ሰፈር መነጽሩ የተጣመመበት፣ ቡሎኑ የወለቀበት፣ ልጁ ተቀምጦበት የሰበረበት ሰው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚገባባት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረች። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። በግራዋ የሰዓት ሠሪው ሱቅ ተለጥፋለች፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ስስ ሳንቃ ስለነበር አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ካለበት ሆኖ «ይማርህ» ይላል።

የሱቋን ባለቤት በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ሰዉ «ሚዛን» ይለዋል፤ አክብሮት የሚጨምሩት ደግሞ «ጋሽ ሚዛን»። ስሙ የወጣለት ከሥራ ጠባዩ ነው። መነጽር ጠግኖ ሲጨርስ ጆሮ ላይ የሚሰኩትን ሁለቱን የመነጽሩን ክንዶች ይዘረጋና ባንኮኒው ላይ በተነጠፈው ወፍራም መስታወት ላይ ገልብጦ በግንባሩ ይደፋዋል። ከዚያ በጣቱ ጫፍ አራቱን ማዕዘን በየተራ ይነካል። መነጽሩ ልክ ከሆነ ዝም ይላል። ልክ ካልሆነ አንደኛው ጫፍ ይነሣና «ጠቅ ጠቅ» እያለ እንደ አንካሳ ወንበር ይወዛወዛል። እንዲህ ሲሆን ደንበኛው የቱንም ያህል ቢቸኩል አይሰጠውም። በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ፣ በጣቱ አባብሎ፣ ዝም እስኪል ድረስ ይመላለስበታል። ዝም ያለውን መነጽር ደንበኛው ፊት ላይ ያስቀምጥና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ያያል።

«አፍንጫዎ ትንሽ ወደ ቀኝ ያደላል» ይላል።

«የኔ አፍንጫ? ኧረ አያደላም።»

«መነጽር አይዋሽም።»

ይህች አባባሉ የሰፈሩ መቀለጃ ነበረች። እሱ ግን የምሩን ነው። ሰው ለይሉኝታ ሲል ይዋሻል፤ የፊት መስታወትም ሁልጊዜ የለመዱትን እያሳየ ያዘናጋል። ልኩን ያገኘ መነጽር ግን ፊት ላይ ሲቀመጥ ያለውን ይናገራል፤ ይህን ብሎ ሠላሳ ዓመት ሠርቷል።

የሰው አፍንጫ ሲመዝን የሚውለው ይህ ሰው የራሱ አፍንጫ ሌላ ታሪክ ነበረው። ሲወለድ የላይኛው ከንፈሩ በግራ በኩል እስከ አፍንጫው ድረስ ተሰንጥቆ ነበር። ሦስት ዓመት ሲሞላው አንድ ሐኪም ከንፈሩን ሰፋለት። ስፌቱ መልካም ነበር፤ ኋላም ጢሙ ሸፈነው። አፍንጫውን ግን የነካው የለም። በዚያ ዘመን ከንፈር ከተገጠመ ሁሉም «ተመስገን» ብሎ ወደየቤቱ ይሄድ ነበር። የግራው ቀዳዳ እንደተደፈጠጠ ቀረ፤ ሸንተረሩ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ አደገ፤ በግራ በኩል አየር ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ሃምሳ አራት ዓመት ሞላው።

«አንተ እኮ ካፍንጫህ አርቀህ አታይም» ይለዋል ሰዓት ሠሪው በሳንቃው በኩል፣ በቀጠሮ ቀን ሥራ ሲያስታጉለው።

«አያለሁ እንጂ! መንገዱ ጠመዝማዛ ሆኖብኝ ነው የምዘገየው።»

በራሱ ሲቀልድ ማንም አይቀድመውም። ሌላው እንዳይቀድመው ከትምህርት ቤት ጀምሮ የያዘው ልማድ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ቀልዱ ጠፍቶበታል። ልጁ የተወለደች ቀን ነው። አዋላጇ ጠቅልላ ስታቀብለው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየ፤ የላይኛው ከንፈሯ በቀኝ በኩል እስከ አፍንጫዋ ተከፍቷል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ ሆነና ጨርቁን መልሶ ሸፈነው። ሚስቱ ከአልጋዋ ላይ ሆና ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ምን ያስደነግጥሃል?» አለችው። «የምታውቀው ፊት አይደለም እንዴ?»

ሕፃኗ በአራት ወሯ ከንፈሯ ተሰፋ። አባትና እናቷ «ሚጣ» እያሉ አሳደጓት፤ ቁመቷ እናቷን ካለፈ በኋላም ሚጣ እንደሆነች ቀረች። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ዓይኗ ራቅ ያለውን ማየት አቃተውና ከጥቁር ሰሌዳው ላይ ማንበብ ተቸገረች። መነጽሯን አባቷ ነው የሠራላት። ከሰዓቱን ሙሉ ሱቁን ዘግቶ እያሞቀ፣ እያጠፈ፣ ፊቷ ላይ እያደረገ፣ እያነሣ ዋለ። በመጨረሻ መስታወት ፊት አቆማትና «እህ?» አላት። መነጽሩ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ልጅቷ ግራና ቀኝ ዞራ አየችና «አምሮብኛል» አለች። ይህን ጥበብ ማንም አላስተማረውም፤ በገዛ ፊቱ የተማረው ነበር።

አንድ ቃል ደግሞ አዘውትሮ ይነግራት ነበር። ልጆች ሲያሾፉባት፣ እሷም «አፍንጫህን ላስ» ብላ መልሳ ቤት ስትገባና ስታለቅስ፣ አጠገቡ ያስቀምጣትና «የእኛ አፍንጫ ምንም የለውም» ይላታል። «ምንም የለውም፣ የኔ እናት።» ልጅቷ አመነችው። ያመነችው ነገር ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ለራሱ መልሶ ወጥመድ ሆነበት።

በዚያ ዓመት ሚጣ ለጉሮሮዋ መድረቅ ሐኪም ቤት ብትሄድ ወደ አንዲት ቀዶ ሐኪም መሯት። ሐኪሟ አፍንጫዋን በትንሽ መብራት ከውስጥም ከውጭም አየች። ከከንፈሩ መሰንጠቅ ጋር የአፍንጫዋ መሠረት ስለተዛባ፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች የሚለየው የመሃል ግድግዳ ታጥፎ አንዱን ወገን ዘግቶታል አለች። ይህ ዓይነቱ ሥራ ዕድገት እስኪያበቃ ይጠበቃል፤ አሁን ጊዜው ነው። ብዙም ባይዘገይ ጥሩ ነው፤ የሚሠራበት፣ እንደ ጆሮ የሚታጠፈው ልም አጥንት ዕድሜ ሲገፋ ይደርቃል። የቀጠሮ ካርድ ሰጠቻት። ሚጣም ካርዱን ቤት ወስዳ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ምን አልሽ?» አላት አባቷ ራት ላይ።

«አልፈልግም አልኩ።»

«ሌሊት እኮ በአፍሽ ነው የምትተነፍሺው» አለች እናት። «አባትየው ያንኮራፋል፣ ልጅቷ ትቀበላለች፤ እኔ በመሃል እንደ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ዓይኔ ፈጦ ያድራል።»

ሚጣ ሳቀች፤ ግን አልተነቃነቀችም። «አባዬ፣ ምንም የለውም ስትለኝ አልነበረም? አንተስ ሃምሳ አራት ዓመት ኖረህበት የለ?»

«ስለኖርኩበት ነው የምነግርሽ።»

«ቢጣመምስ? አሁን ያለውን እንኳ ለምጄዋለሁ። ይበልጥ ቢጣመም የሌላ ሰው ፊት ይዤ ልኖር ነው?»

ሚዛን ተነሥቶ እጁን ታጠበ። ልጁን የሚያስፈራት ቢላው እንዳልሆነ ገባው። የምታውቀውን ለማታውቀው መስጠት ነው የከበዳት። ይህን ፍርሃት ደግሞ ራሱ አብልቶ አሳድጎታል።

«እኔ ልቅደም» አለ።

ሁለቱም ሴቶች ቀና ብለው አዩት።

«እኔ ልቅደምና እይው። የኔ ከተቃና አንቺም ለቀዶው ትገቢያለሽ። ከተጣመመ ሁለተኛ አላነሣብሽም።»

ሚጣ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች። ስታስብ እንዲህ ታደርጋለች። «በምን እናውቃለን?» አለች። «ሰው እንደሆነ አማረብህ ነው የሚልህ።»

«በምን ይመስልሻል?»

አባትና ልጅ እኩል ፈገግ አሉ። መነጽር አይዋሽም።

ቀዶ ሐኪሟ አጭር፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ነበረች። ወረቀት ላይ አፍንጫ እየሣለች አስረዳችው። ከቀኝ ጎኑ የጎድን አጥንት ጫፍ ላይ ልም አጥንት ትወስዳለች፤ እሱን ቀርጻ በመሃል ቀጥ ያለ ድጋፍ ታቆማለች፤ የተኛውን የግራ አፍንጫ ክንፍ ታነሣና ከድጋፉ ጋር ትሰፋዋለች፤ የታጠፈውን ግድግዳ ታቃናለች።

«ድጋፍ ዘንግ ያስገቡበታል ማለት ነው» አለ ሚዛን።

«ልክ ነዎት።»

«ከራሴ መሆኑን ወድጄዋለሁ። እኛም ጋ በአንዱ ፍሬም ላይ የሌላውን ክንድ ሲገጥሙበት አይዋሃድም፤ ዕድሜ ልኩን ሲኮራረፍ ይኖራል።»

ሐኪሟ ሳቀች። «በእርስዎ ዕድሜ ልም አጥንቱ ስለሚጠነክር ለመቅረጽ ትንሽ ያስቸግረኛል። ልጅዎ ዘንድ ሥራው ይቀለኛል። አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅዎ። ለስድስት ሳምንት መነጽር አፍንጫዎ ላይ እንዳያርፍ።»

«እህ! እኔ ያለ መነጽር እኮ ሚስቴንና ቁም ሣጥኑን አልለይም።»

«ግንባርዎ ላይ በፕላስተር ያንጠለጥሉታል።»

ቀኑ ደረሰ። ማደንዘዣው ሲለቀው በመጀመሪያ የታወቀው ጎኑ ነበር፤ አፍንጫው ታሽጎ ሕመሙ ሁሉ ደረቱ ላይ ነው። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል፤ የሱ ዓይኖች ከማልቀስም አልፈው አብጠው ተዘግተው ነበር። ሚጣ አጠገቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ያምሃል?»

«ስስቅ ብቻ። ሰዓት ሠሪውን እንዳታስገቢው።»

በሰባተኛው ቀን እሽጉ ሲወጣለት አንድ ነገር ሆነ። አንድ ትንፋሽ ሳበና ባለበት ቀረ። በግራው በኩል ቀዝቃዛ ነገር ገብቶ እስከ ግንባሩ ወጣ። የክፍሉ ሳሙና ሸተተው፤ የጓንቱ ላስቲክ ሸተተው። ለማንም ሳይናገር ደጋግሞ ሳበው።

ከዚያ የቀሩት አምስት ሳምንታት የሰፈሩ መሣቂያ የሆነባቸው ናቸው። መነጽሩን በሁለት ፕላስተር ከግንባሩ ላይ አንጠልጥሎ፣ አገጩን ወደ ላይ አንሥቶ፣ እንደ ኮራ ሰው ይሠራል። ሰዓት ሠሪው በየጠዋቱ ብቅ ይላል።

«ዛሬም አፍንጫህን ነፍተህ ልትውል ነው?»

«ከዛሬ ጀምሮ ከእኩያዬ ጋር ነው የማወራው።»

ሚስቱ ግን ቀረብ ብላ እያየችው «ቀጥ ብሏል እኮ» ትለዋለች። ሚጣም ራቅ ብላ ታያለች፤ አትፈርድም። እሱ ራሱ ያለ መነጽር ፊቱ እንደ ጉም ነው የሚታየው፤ የተንጠለጠለው መነጽር ደግሞ መስታወት ሊያይበት ሲል ይንገዳገዳል። ስለዚህ ሁሉም ስድስተኛውን ሳምንት ጠበቁ።

ቀኑ ሲደርስ ጠዋት ላይ ሦስቱም ከመታጠቢያው በላይ በተሰቀለው መስታወት ፊት ቆሙ። ሚዛን የድሮ መነጽሩን በሁለት እጁ ያዘ። አፍንጫው ላይ አስቀመጠው፣ ክንዶቹን ጆሮው ላይ ሰካ፣ እጁን አወረደ።

መነጽሩ ወደ ቀኝ አዘነበለ።

አንሥቶ መለሰው። አሁንም አዘነበለ። የግራው ሌንስ ቅንድቡን ሊነካ ደርሷል፤ የቀኙ ጉንጩ ላይ ወርዷል። ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ሥዕል ቤቱን ሁሉ ያጋደለ እንደሚያስመስል፣ ያ መነጽር ፊቱን በሙሉ አጋደለው። ሚስቱ «እብጠት ይሆናል፤ ዓመት ይፈጃል ብላ የለ ሐኪሟ» አለች። ሚጣ በመስታወቱ ውስጥ አባቷን አየችው፤ ቀስ ብላ ወጣች። ከወዲያ ክፍል መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። ጠረጴዛ ላይ አውጥታው የነበረው የቀጠሮ ካርድ ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ሚዛን የተንጋደደውን መነጽር እንዳለ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ሠራ። የሚገርመው፣ በደንብ ይተነፍሳል። ሱቁ ውስጥ የሞቀ ፕላስቲክ፣ ከሳንቃው ማዶ የሰዓት ዘይት፣ ከውጭ ዝናብ የነካው አስፋልት፣ ሁሉም ይሸተዋል። ሌሊት አያንኮራፋም፤ ሚስቱ እንዲያውም ዝምታው አስደንግጧት ሁለት ጊዜ ቀስቅሳዋለች። እሱ ግን የሐኪሟን ቀጠሮ አሳለፈ። «ሥራ በዛብኝ» አለ። ሥራ አልበዛበትም። ያቺን ደግ ሴት ምን ብሎ እንደሚነግራት ጠፍቶበት ነበር። ከሁሉ የከፋበት ደግሞ ልጁ አለመናገሯ ነው። በገባው ቃል መሠረት እሱም ሁለተኛ ሊያነሣባት አይችልም።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት ዝናብ ጣለና ደንበኛ ጠፋ። ሚጣ ምሳ ዕቃውን ልትወስድ መጥታ ዝናቡ አገታት። ሚዛን መነጽሩን አውልቆ ባንኮኒው ላይ ተወና ፊቱን ሊታጠብ ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ቧንቧ ሄደ። ሚጣ የአባቷን መነጽር አነሣች። ሌንሱ የጣት ምልክት በምልክት ሆኗል። በጨርቅ ወለወለችው። ከዚያም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስታየው የኖረችውን እጇ ራሱ አደረገው፤ ክንዶቹን ዘርግታ መስታወቱ ላይ በግንባሩ ደፋችው፣ ማዕዘኑን በጣቷ ነካች።

ጠቅ ጠቅ።

«የማን ነው እሱ?» አለ ሚዛን ከጀርባ፣ ፊቱን እያጠበ። «ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያነክስ መነጽር አድርጎ የሚዞር? ነገ ይምጣ በይው።»

ሚጣ ሌላኛውን ማዕዘን ነካች።

«የማን ነው የምልሽ?»

«ያንተ ነው፣ አባዬ።»

ውኃው ተዘጋ። ሚዛን ፊቱ እየተንጠባጠበ መጣና ባንኮኒውን ተደግፎ ጎንበስ አለ። አራቱን ማዕዘን በየተራ ነካ። ጠቅ። ጠቅ። አንደኛው ክንድ አንድ ጣት ያህል ከመስታወቱ ተነሥቷል፤ አፍንጫ ላይ ከሚያርፉት ሁለት ትንንሽ ላስቲኮች አንዱ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አንዱ ወደ ውጭ ወጥቷል። ይህን ያደረገው ማን እንደሆነ ለመጠየቅ አላስፈለገውም። የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ገና ሥራ ለማጅ ሳለ፣ የመጀመሪያ መነጽሩን ባዘነበለው አፍንጫው ላይ ቀጥ እስኪል ድረስ ያጣመመው እጁ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀየራቸውን ሁሉ፣ ጫማ እንደማሰር ሳያስበው ያንኑ ያህል ያጣምም ነበር። የሰፈሩን መነጽር ሁሉ በዚህ መስታወት ላይ ደፍቷል። የራሱን ግን አንድም ቀን ደፍቶት አያውቅም።

ሚጣ ከመደርደሪያው አዲስ ፍሬም አወጣች። ደፋችው፤ ዝም አለ። አባቷን ወደ ራሷ አዙራ፣ ፊቱን በፎጣ አደራርቃ፣ ፍሬሙን አፍንጫው ላይ አስቀመጠች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እህ?» አላት።

ሚጣ ግራውን አየች፤ ቀኙን አየች። እንደሱ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ መረመረችው።

«አፍንጫዎ» አለች፣ እንደ ደንበኛ አንቱ ብላው፣ «ወዴትም አያደላም።»

ከሳንቃው ማዶ ሳል ተሰማ። «እኔ አልሰማሁም እንጂ» አለ ሰዓት ሠሪው፣ «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚባለው ያንተ ቤት ታይቶ ነው።»

«ሰዓትህን ሙላ አንተ!» አለው ሚዛን። ከሃምሳ ቀን ገደማ ወዲህ ጎኑን ሳያመው የሳቀው ያኔ ነው።

የፀጉር ማድረቂያውን ሰክቶ የድሮ መነጽሩን ያሞቀው ጀመር። ፕላስቲኩ ሲለዝብ ክንዱን በቀስታ አወረደው። ላስቲኮቹን በፒንሳ መለሳቸው። ደፋው፤ ዝም አለ። አደረገው፤ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ዓይኑ ልጁ ፊት ላይ አረፈ።

ሚጣ የራሷን መነጽር አውልቃ ነበር። መስታወቱ ላይ ደፋችው። ጠቅ አለ፤ በተቃራኒው ወገን።

«ይኼንንም አውቀህ ነው?» አለችው።

«አውቄ ነው።»

«ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ?»

«ሰው እንዳያይብሽ ብዬ ነዋ።» ጨርቁን አነሣ፣ አስቀመጠ። «አፌ ምንም የለውም ይልሽ ነበር። እጄ ግን ያውቅ ነበር፣ የኔ እናት። አፌን ብቻ ነው የሰማሽው።»

ሚጣ ያለ መነጽር ዓይኗ እየፈዘዘ የሚወዛወዘውን ፍሬም በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ዝናቡ እያባራ ነበር። ሚዛን ማድረቂያውን እንደያዘ መነጽሯን ሊያነሣ እጁን ሲዘረጋ፣ እጇን ጣል አድርጋ ከለከለችው።

«የኔን አሁን አታቃናው» አለች። «ለቀዶው ሳልገባ ካቃናኸው በምን አያለሁ? ከገባሁ ከስድስት ሳምንት በኋላ ታቃናልኛለህ።»

ሚዛን ማድረቂያውን አጠፋ። የተጣመመውን መነጽር መልሶ ፊቷ ላይ አስቀመጠላትና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየ። ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሚጣ ምሳ ዕቃውን ይዛ ወጣች፤ ካርዱን ቤት ካለው መሳቢያ አውጥታ ሐኪም ቤቱ ሳይዘጋ ልታደርስ።